የዝናቡ ቦነስ

በአንድ የጥጥ እርሻ ድርጅት ውስጥ አንድ ምላሱ የማያርፍ ቦይ ጠራጊ ነበር። አምና ዝናቡ ሰምሮ ጥጡ ሲትረፈረፍ፣ ሥራ አስኪያጁ አቶ ልሳነወርቅ «በእኔ አመራር ነው» ብለው ዳጎስ ያለ ቦነስ ወሰዱ። ዘንድሮ ሰማዩ ጨከነ። አቶ ልሳነወርቅም ሠራተኛውን ሰብስበው፣ «ድርቁ የአየር ንብረት ለውጥ ነው፤ የእግዜር ሥራ! ከደሞዛችሁ ሩቡ ይቆረጣል። ጥፋቱን በእኔ የሚያላክክ እጁን ያውጣ፤ ዛሬውኑ ይሰናበታል» አሉ።

ሩቡ ማለት ለቦይ ጠራጊው የቤት ኪራዩ ነው። ሁሉም ሲያቀረቅር እሱ እጁን አወጣ።

«አንተ! ጥፋቱን በእኔ ልታላክክ ነው?»

«ኧረ በጭራሽ ጌታዬ! የእግዜር ነው እንጂ። ግን እሱም አይፈረድበትም፤ አምና ያዘነበው እሱ፣ ቦነሱን የወሰዱት እርስዎ። እኔም ብሆን ሥራ አቆም ነበር።»