ስለ ባሕር ማዶ ግመሎች የተደረገ ውይይት

ተረት ተረት! "የመሠረት" ካላችሁኝ ዛሬ በራሴ ላይ እተርታለሁ።

እኔ አውራ ዶሮ፣ ከእህል ይልቅ የራሴን ድምፅ የምወድ፣ አንድ ቀን በባሕር ማዶ ግመሎች ላይ ስለሚደርሰው የጭነት በደል ውይይት አዘጋጀሁ። እንግዶቼ ነጭ ካባውን የማያወልቀው የውጭ ጉዳይ ተንታኝ ጉሬዛና ተናግራ የማትጨርሰው የመብት ምሁር ኤሊ ነበሩ። አድማጭ ሁሉ እንዲያየን፣ እህል ተጭና የቆመች አህያ ላይ ወጥተን ተቀመጥን።

"የዓለም ዝምታ ያሳፍራል!" አለ ጉሬዛ፣ ካባውን እያስተካከለ።

"ማንም... ከአቅሙ በላይ... መሸከም... የለበትም" አለች ኤሊ።

"አስተያየት ያለው አድማጭ ካለ እንቀበላለን" አልኩ በኩራት።

"እኔ አለኝ፤ ጀርባዬ ቆስሏል" አለ አንድ ድምፅ።

"እናመሰግናለን፣ ክቡር አድማጫችን። ከየት ነው የሚናገሩት?"

"እዚሁ ከእግራችሁ ሥር። አህያዋ ነኝ።"

"አንቺ ነሽ እንዴ! ርዕሳችን እኮ ግመል ነው፤ ደግሞም ሰዓት የለንም።"

አህያዋ ጉልበቷን አጥፋ ተንከባለለች፤ ጭነቷንም እኛንም ጭቃው ላይ ዘርግፋ መንገዷን ቀጠለች። ጉሬዛ ካባውን ፈለገ፤ ኤሊ በጀርባዋ ተገልብጣ ንግግሯን ቀጠለች።

እኔም ከጭቃው አንገቴን ብቅ አድርጌ፣ "ክቡራን አድማጮቻችን፣ በቴክኒክ ብልሽት ምክንያት ለተፈጠረው መቋረጥ ይቅርታ እንጠይቃለን" አልኩ።