የሸንበቆ ጨፌዋ እንቁራሪትና አንድ እፍኝ ውሃ

ነገሩ ሁሉ የተበላሸው ሐምሌ ሃያ ሁለት፣ ረቡዕ ቀን፣ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት የቀበሌያችን ሊቀመንበር አቶ ድልነሳው አራት መቶ ሰው አስከትለው፣ ባነር አሰቅለው፣ ሸንበቆ ጨፌ ረግረግ ላይ ባሕር ዛፍ አስተከሉ። ረግረግ ወባ ያመጣል፣ ባሕር ዛፍ ደግሞ ረግረግ ያደርቃል አሉ። እኔ ያኔ የቀበሌው የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ነበርኩ፤ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩትም ይህንኑ ነው። ትንኙን የምትበላው እዚሁ ያለችው እንቁራሪት ናትና ቤቷን አታድርቁባት አልኩ። አቶ ድልነሳው ሳቁ። «እንቁራሪትም ጠበቃ አቆመች?» አሉ፤ አራት መቶውም ሰው ተከትሎ ሳቀ። በሳምንቱ ከሥራ ተባረርኩ። ጥፋቴ ምን እንደሆነ የነገረኝ የለም።

በአራተኛው ዓመት ረግረጉ ደረቀ። ከጓሮ ጎመን ላይ ትል እየለቀመ የሚኖረው ጉርጥ እንኳ አገር ለቆ ሄደ። አንዲት እንቁራሪት ብቻ ቀረች። ስለ እንቁራሪት አገሩ የሚያውቀው አንድ ተረት ነው፤ ዝሆን አክላለሁ ብላ ተነፍታ ፈነዳች ይላሉ። ይቺ ግን ዝሆን መሆን አላማራትም። ሆዷ በእንቁላል ሞልቶ ነበርና ያማራት እንቁላሏን የምትጥልበት አንድ እፍኝ ውሃ ነው።

ሄደች ወደ ባሕር ዛፉ። ውሃዬን ተውልኝ አለችው። ባሕር ዛፉ ቁልቁል አያት። እኔ በጭብጨባ የተተከልኩ ነኝ፣ አንቺን ማን ተከለሽ? አላት። ውሃውንም አልተወም።

ሄደች ወደ መጥረቢያው። ዛፉን ቁረጥልኝ፤ ዛፍ ውሃ አልተው አለ፤ እኔም እንቁላሌን የምጥልበት አጣሁ አለች። መጥረቢያው፣ ዋንዛ ቁረጥ ብትዪኝ አሁኑኑ እቆርጣለሁ፤ ለዋንዛ የሚጮህለት የለም፤ ይህ ግን የመንግሥት ዛፍ ነው አለ። አልቆረጠም።

ሄደች ወደ መጥረቢያው ባለቤት ወደ አያ ቢረሳው። መጥረቢያውን ያንሱልኝ፤ መጥረቢያ ዛፍ አልቆርጥ አለ፤ ዛፍ ውሃ አልተው አለ፤ እኔም እንቁላሌን የምጥልበት አጣሁ አለች። አያ ቢረሳው ደግ ሰው ናቸው፤ ደግነታቸው ግን ከአጥራቸው አያልፍም።

«እሜትዬ፣ ለእነዚህ ዛፎች በጣቴ ፈርሜያለሁ» አሏት። «አንድ ቢጎድል ማዳበሪያ እከለከላለሁ። ልጆቼን አንቺ ታበያቸዋለሽ?»

መጥረቢያውን አላነሱም።

ሄደች ወደ አቶ ድልነሳው። ለአያ ቢረሳው ይፍቀዱላቸው፤ አያ ቢረሳው መጥረቢያ አላነሳ አሉ፤ መጥረቢያ ዛፍ አልቆርጥ አለ፤ ዛፍ ውሃ አልተው አለ፤ እኔም እንቁላሌን የምጥልበት አጣሁ አለች። አቶ ድልነሳው መጀመሪያ ማመልከቻ አለሽ ወይ አሏት። ቀጥለው ስብሰባ ላይ ነኝ አሏት፤ ክፍሉ ውስጥ ግን ከእሳቸውና ከእሷ በቀር ማንም አልነበረም። በመጨረሻ እውነቱን ተናገሩ። ዛፉ በሪፖርት መቶ በመቶ ጸድቋል፤ የጸደቀ ዛፍ አስቆርጬ ውሸታም ልባል? አሉ። አልፈቀዱም።

ሄደች ወደ ሪፖርቱ፤ መደርደሪያ ላይ በአቃፊ ተጋድሟል። ታረምልኝ፤ አቶ ድልነሳው አልፈቅድ አሉ፤ አያ ቢረሳው መጥረቢያ አላነሳ አሉ፤ መጥረቢያ ዛፍ አልቆርጥ አለ፤ ዛፍ ውሃ አልተው አለ፤ እኔም እንቁላሌን የምጥልበት አጣሁ አለች። ሪፖርቱ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ፣ እኔ ወደ ላይ ተልኬያለሁ፤ ወደ ላይ የተላከ ስህተት ከዚያ ወዲያ ስህተት አይባልም አላት። አልታረመም።

ሄደች ወደ ትንኝ። ትንኝ የምትኖረው ችግኝ ተከላው ጥሎት በሄደው ላስቲክ ውስጥ ነው። በየላስቲኩ ጥቂት ጥቂት ውሃ አለ፤ ለትንኝ ይተርፋል፣ ለእንቁራሪት አይበቃም። አቶ ድልነሳውን ንከሺልኝ፤ ሪፖርት አልታረም አለ፤ አቶ ድልነሳው አልፈቅድ አሉ፤ አያ ቢረሳው መጥረቢያ አላነሳ አሉ፤ መጥረቢያ ዛፍ አልቆርጥ አለ፤ ዛፍ ውሃ አልተው አለ፤ እኔም እንቁላሌን የምጥልበት አጣሁ አለች።

«ለዚህ ደግሞ ልመና ምን አስፈለገው?» አለች ትንኝ። «ድሮ ከአሥር ልጆቼ ዘጠኙን ትበይብኝ ነበር። አሁን አሥሩም አድገዋል፤ ራት ደግሞ ይፈልጋሉ። ለመንከስ ማስፈቀድ የለብንም።»

ሄዱና ነከሷቸው። ወባው አቶ ድልነሳውን ሦስት ቀን አንቀጠቀጣቸው። በጆሯቸው ዙሪያም ትንኝ፣ እንቁራሪቷ ውሃዋን እስክታገኝ እመላለሳለሁ እያለች ዞረች። አራት መቶ ሰው የሰበሰበ ጉሮሮ ውሃ ስጡኝ ለማለት አቃተው።

እንግዲህ ትንኝ አቶ ድልነሳውን ነከሰች፤ አቶ ድልነሳው ሪፖርቱን ጎትተው አወረዱት፤ ሪፖርቱ ታረመ፤ ሪፖርቱ ሲታረም ፈቃድ ወጣ፤ ፈቃድ ሲወጣ አያ ቢረሳው መጥረቢያ አነሱ፤ መጥረቢያው ዛፉን ቆረጠ፤ እንዳያቆጠቁጥ ጉቶው ሳይቀር ተነቀለ፤ ዛፉ ውሃውን ተወ፤ ውሃው ከሥር እየመነጨ መጣ፤ እንቁራሪቷም እንቁላሏን ጣለች። እስኪነጋ ልጠብቅ አላለችም፤ ማንንም አላመሰገነችም። ደግ አደረገች። ጭራ ያላቸው ልጆቿ ውሃውን ሞሉት፤ እግር አወጡ፤ አፋቸውንም በትንኝ ላይ ከፈቱ።

አቶ ድልነሳውም ዳኑ። እሑድ ዕለት ሕዝቡን ሰብስበው፣ እንቁራሪት የወባ ጠላት መሆኗን እኔ ድሮም አውቅ ነበር፣ ረግረጉ የተረፈው በእኔ አርቆ አሳቢነት ነው አሉ። አራት መቶው ሰው አጨበጨበ። አያ ቢረሳውም አጨበጨቡ። እኔ ከኋላ ቆሜ እጄን አወጣሁ፤ ጥያቄ አንቀበልም ተባለ።

እንግዲያው በጽሑፍ እጠይቃለሁ። አቶ ድልነሳው፣ ድሮም ያውቁ ከነበረ እኔ የተባረርኩት በምን ጥፋት ነው? ይመልሱልኝ።