ያልተሞረደ ጫፍ

አንድ ጊታር መቺ ነበር። እዮብ ይባላል። ሜታል የሚሉትን ከባድና ጨለም ያለ የሮክ ሙዚቃ ይጫወት ነበር። ወጣትነቱ ክፉ ነበር፤ የእኔም እንደዚያው። ስለ ራሴ ብዙ አልልም።

እዮብ ክፉ ቀን በገጠመው ቁጥር አንድ ሪፍ ይፈጥራል። ሪፍ ተደጋግማ የምትመታ አጭር የጊታር ሐረግ ናት። እናቱ የሞተችበት ቀን አንድ ሪፍ ወጣ። ከተከራዩት ቤት ዕቃቸው መንገድ ላይ የተጣለ ቀን ሌላ። ወንድሙ ሳይሰናበት የሄደ ቀን ሌላ። ሁሉንም ስልኩ ላይ ቀድቶ ያስቀምጣል። አሥራ ዘጠኝ ሲሞሉለት አንድ ዘፈን ላድርጋቸው አለ።

ሦስት ነበርን። እኔ ቤዝ ጊታር እመታለሁ። ድራም የሚመታው ዘርጋው በያጅ ነው፤ የምንለማመደውም እሱ በሚሠራበት የብየዳ ቤት ነበር፣ ሥራ በማይኖርበት በእሁድ ቀን። ዘርጋው ሳንባውን ታሟል። ሐኪሙ ከጥቂት ወራት በኋላ ድራም መምታት ቀርቶ ደረጃ መውጣትም እንደሚያቅተው ነግሮታል። ይህን የነገረን እንደ ተራ ወሬ ነው። ከእኛ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንድ የራሳችንን ዘፈን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መምታት።

እዮብ አሥራ ዘጠኙን ሪፎች በተወለዱበት ተራ ደረደራቸው። አንዱ ይሮጣል፣ ቀጣዩ ይጎተታል፤ የአንዱ ቅኝት ከሌላው አይገጥምም። አንዱ አልቆ ሌላው በሚጀምርበት ቦታ ሁሉ፣ ክፍተቱ እንዳይሰማ ዘርጋው ሲምባሉን፣ ከድራሙ በላይ የተሰቀለውን የነሐስ ሳህን፣ በኃይል ይመታል። ዘፈኑ አሥራ አንድ ደቂቃ ይፈጃል። ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ግን የዘርጋው ትንፋሽ ያልቃል። ዱላዎቹን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ይስላል። እናቆማለን።

አንድ እሁድ የግቢው ዘበኛ ጋሽ በዳሳ በሩ ላይ ቆመው ሲሰሙን ቆዩ።

«ዛሬ ስንት ዘፈን ተጫወታችሁ?» አሉ።

«አንድ ነው፣ ጋሼ» አለ እዮብ።

«እኔ አሥራ ሁለት ቆጠርኩ። አንዱም አላለቀም።»

ዘርጋው ሳል እስኪያቋርጠው ድረስ ሳቀ። እዮብ ግን ፊቱ ጠቆረ።

ዘርጋው ተነሥቶ ከጥግ አንድ የበር ብረት አመጣ። ሌላ ቦታ ተበይዶ ለጥገና የመጣ ነው። የበየደው ሰው ሁለቱን ብረቶች እንዳሉ አጋጥሞ ከላይ ለጥፏቸዋል፤ ስንጥቁን በስቱኮ ደፍኖ ቀለም ቀብቶበታል። ለዓይን አንድ ብረት ነው። ዘርጋው በእግሩ አንዴ ረገጠው። ለሁለት ተከፈለ።

«ብረት የሚያያዘው ሁለቱም ጫፎች ሲሞረዱ ነው» አለ። «እሳቱ ወደ ውስጥ የሚገባው በተሞረደው በኩል ነው። አንተ ምንም እንዲነካብህ አትፈልግም። እኔ ደግሞ በሲምባል ስቱኮ እለቀልቅልሃለሁ።»

«የትኛውን ልቁረጥ? የእናቴን ቀን?»

«እሷን ምሰሶ አድርጋት። ሌሎቹ ተሞርደው ወደ እሷ ይምጡ። የማይመጣው ይቅር።»

«ይቅር ካልኩማ ያ ቀን አልነበረም ማለት ነው።»

ዘርጋው የተከፈሉትን ብረቶች አንሥቶ ወደ ጥጉ መለሳቸው። «ቀኑማ ነበር፤ ማንም አይወስድብህም» አለ። «እኔ ግን የቀሩኝ እሁዶች ጥቂት ናቸው።»

እዮብ በሚቀጥለው እሁድ አስብበታለሁ አለ። በሚቀጥለውም እሁድ እንደዚያው አለ። ዘርጋው እውነቱን እንደሆነ እኔ አውቅ ነበር። እዮብን ላለማስቀየም ዝም አልኩ። አምስት እሁዶች አለፉ። በስድስተኛው ዘርጋው አልመጣም። በሰባተኛው ቀበርነው።

ከአርባው በኋላ እዮብ ስልኩን ይዞ ተቀመጠ። የእናቱን ሪፍ ምሰሶ አደረጋት። ዕቃቸው በተጣለበት ቀን ከወጣው ሪፍ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ድምፆች ጣለ፤ የእናቱ ሪፍ ከሚያበቃበት ድምፅ እንዲነሣ። የወንድሙን ሪፍ ፍጥነት ቀንሶ ከእነሱ ጋር አስተካከለው። መጨረሻ ላይ የእናቱ ሪፍ ዝግ ብላና ከብዳ ትመለሳለች። የቀሩት አሥራ ስድስቱ ስልኩ ውስጥ ቀሩ።

በብየዳ ቤቱ ሁለታችን ብቻ ተጫወትነው። ድራሙ ሸራ ለብሶ ቆሟል። ጋሽ በዳሳ ኮፍያቸውን አውልቀው በሩ ላይ ቆሙ። ሲያልቅ «ይሄ አንድ ነው» ብለው ሄዱ።

እዮብ ስልኩን አየ። ዘፈኑ የፈጀው ስድስት ደቂቃ ነበር። ዘርጋው ሰባት ይችል ነበር።

ወዳጄ፣ ሕመምን ሁሉ እንዳለ መደርደር መሥራት አይደለም። ነገር ከነገር፣ ሰውም ከሰው የሚያያዘው ሁለቱም ከጫፋቸው ጥቂት ሲጎድሉ ነው። ምንም አልቆርጥም ብለን የምናዘገየው ጊዜ ከሌላ ሰው ዕድሜ ላይ ይቆረጣል። እያወቀ ዝም ያለም ከበደሉ ድርሻ አለው።

አንተስ አልሞርድም ብለህ የያዝከው ምንድን ነው? እሱን እየጠበቀ ያለው ሰውስ ስንት እሁድ ቀርቶታል?