አማቱን የሸኘው ገበሬ

አንድ ገበሬ ነፋስ በማይለየው የደጋ ኮረብታ ጥግ ይኖር ነበር። ስሙ ማንደፍሮ ይባላል። ሀብቱ አንዲት የሣር ቤት፣ ስድስት በጎች፣ አንዲት ላም፣ አንዲት በቅሎና ጠባብ የገብስ ማሳ ነበር። ሚስቱ አልጣሽ እናቷ ከሞተች ወዲህ ሽማግሌ አባቷን፣ አባባ ወልደሰንበትን፣ ቤቷ አምጥታ ትጦር ነበር።

ክረምት ሲገባ ሽማግሌው ባና ደርበው ምድጃው ዳር ይቀመጣሉ። እዚያ ተቀምጠው የማያዩት ነገር የለም። “ማንደፍሮ፣ ኩበቱን ሸፍነኸዋል?” “ማንደፍሮ፣ የበጎቹ ጉዝጓዝ ርሷል፤ ቀይርላቸው።” “ማንደፍሮ፣ ቦዩ በቅጠል ተደፍኗል።” እሱ ደግሞ በዝናብ ሲደበደብ ውሎ ገና እጁን ወደ እሳቱ መዘርጋቱ ነው። እያጉረመረመ ይነሳል፣ የተባለውን ሠርቶ ይመለሳል፣ ሳይቀመጥ ሌላ ይታዘዛል።

“የገዛ ስሜን ጠላሁት” አላት ሚስቱን። “የሐምሌ ብርድ አንሶኝ ነው ወይ እሳቸው የተጨመሩብኝ?”

አልጣሽ አንዱ ባሏ፣ አንዱ አባቷ ነውና ለማንም ሳታደላ እሳቱን ቆሰቆሰች።

አንድ ቀን ማንደፍሮ ትኩስ ገንፎ ቀርቦለት የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳይውጥ፣ “ማንደፍሮ፣ በሩ ገርበብ ብሏል” አሉት። ከዚያ በላይ አልቻለም።

“አባባ፣ እስቲ ትንሽ ጊዜ ታናሿ ልጅዎ ዘንድ ይረፉ። አገሩ ወይናደጋ ነው፤ ይሞቅዎታል።”

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩትና “እሺ፣ ልጄ” አሉ። በማግስቱ በበቅሎ ወስዶ አደረሳቸው።

የመጀመሪያው ሳምንት ሰላም ነበር። ማንደፍሮ የቀረበለትን ሁሉ ሳይነሳ በላ። በሁለተኛው ሳምንት ከቀትር በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። የቦዩን ቅጠል የጠረገው ሰው አልነበረምና ጎርፉ ቤት ገብቶ የጎታውን ሥር አራሰው፤ እስከ መኸር የሚያደርሳቸው ገብስ እኩሌታው በሰበሰ። ኩበቱም ክፍቱን አድሮ ነበርና ሦስት ቀን እሳት ጠፋ። በዚያ ብርድ አንዲት ግልገል ሞተች።

“ምነው ብታስታውሽኝ?” አላት ሚስቱን በንዴት።

“እኔም እንዳንተው የለመድኩት እሳቸውን ነው” አለችው።

ማንደፍሮ በቅሎዋን ይዞ ወረደ። ሽማግሌውን ንጹሕ ጋቢ ለብሰው ደጅ ተቀምጠው አገኛቸው።

“አባባ፣ ወደ ቤት እንሂድ።”

“ምነው፣ ጭቅጭቄ ናፈቀህ?”

“አልናፈቀኝም። አሁንም ሳስበው ይሰለቸኛል። ግን ገብሴ በሰበሰ።”

አባባ ወልደሰንበት አልሳቁበትም። “እዚህ በደንብ ይዘውኛል” አሉ። “ማንም ፊቱን አያጠቁርብኝም። ጣሪያው ያፈሳል ስላቸው ‘እሺ አባባ፣ እርስዎ ብቻ ይረፉ’ ይሉኛል። ጣሪያው ግን እስከ ዛሬ ያፈሳል። አንተ ትቆጣለህ፣ ግን ትነሳለህ። ገና በሕይወት መኖሬን የማውቀው አንተ ቤት ነው።”

ማንደፍሮ ሽማግሌውን ደግፎ በቅሎዋ ላይ አወጣቸውና ዳገቱን ተያያዙት። ያን ክረምት የተረፈውን ገብስ እያብቃቁ፣ አንዳንዴም ጦማቸውን እያደሩ አሳለፉት። ማንደፍሮ ማጉረምረሙን አልተወም፤ ሽማግሌውም መናገራቸውን አልተዉም። አንድም ግልገል ግን ዳግመኛ በብርድ አልሞተባቸውም።

ወዳጄ፣ የሚያሰለች ቃል ሁሉ ከንቱ አይደለም። በልቡ ለቤትህ የሚጨነቅ ሰው አፉ ላይ ጨቅጫቃ ሊመስል ይችላል። ሽማግሌን ማክበርም ጋቢ ማልበስና በለሰለሰ አንደበት “እሺ” ማለት ብቻ አይደለም፤ እያጉረመረሙም ቢሆን ተነስቶ የተናገሩትን ማድረግ ይበልጣል። እስቲ አስበው፤ አንተ ቤት “እሺ” እየተባለ ቃሉ የማይፈጸምለት ሰው ማነው?