ሰው የማያድርበት ቆላ

አንድ ጭሰኛ ነበረ፤ አምስት ልጆች ነበሩት። የጠየቅኸኝን ሰምቻለሁ። ልጆችህን ይዘህ ኪራይ ወደሚቀልበት ሰፈር ልትሄድ ነው፤ የሰፈሩንም ሰዎች ጠይቀህ «ጥሩ ነው» ብለውሃል። እኔ መልስ ከመስጠቴ በፊት የዚህን ሰው ነገር ስማኝ። ተቀመጥ፤ ቆመህ የምትሰማው አይደለም።

ሰውየው ደጋ ላይ የሰው መሬት ያርስ ነበር። ጉልበቱ የሱ ነው፤ ከምርቱ ሲሶው የባለመሬቱ። ሲሶውን እየሰጠ ልጆቹን እንደ ምንም ያኖር ነበር። አንድ ዓመት ባለመሬቱ አውድማው ላይ መጣና «ከእንግዲህ እኩል ነው፤ ግማሹ የኔ» አለው። ሰውየው ለመነ፤ ሽማግሌ ላከ። አልሆነም። «እምቢ ካልክ የሚያርሰው ሞልቷል» ብሎ መለሰለት። አልዋሸም፤ በዚያ አገር ሰው ከመሬቱ በዝቷል።

ያን ሰሞን ሰውየው ሁለተኛዋን ልጁን እንጉዳይን ከተማ ሰው ቤት ሊያስገባት አሰበ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አንድ አፍ ከቀነሰ ሌሎቹ ይበላሉ ብሎ ነው። ሚስቱ የሻረግ ግን ጮኸች፤ «ልጆቼን እንደ ጫጩት አልበትንም! ከተራብንም አብረን እንራብ!» አለችው። ውስጥ ውስጡን የፈለገው እንድትጮህበት ነበር። አምስቱም አንድ ጣራ ሥር እንዲያድሩ፣ ከዚህ ሌላ ከእግዜር የሚለምነው አልነበረውም።

ገበያ ላይ ወሬ ሰማ። በሁለት ቀን መንገድ፣ ቆላው ውስጥ፣ ከአምስት እጅ አንዱን ብቻ የሚወስድ ባለመሬት አለ። ከአምስት አንድ! ሰውየው ጆሮውን አላመነም። ስንቁን ቋጥሮ ሊያይ ሄደ።

አገሩ እንዲህ ነው። መንደሩ አፋፍ ላይ ነው፤ ከአፋፉ ሥር ሰፊ ሸለቆ ተዘርግቷል። ጥቁር አፈር፣ ዓመቱን ሙሉ የማይነጥፍ ወንዝ። ሰውየው ቁልቁል ወርዶ አፈሩን በእጁ አፈሰ፤ አሸተተው። የደጋው አፈር ድንጋይ ነው፤ ይህ ግን ቅቤ ነው። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ሞኝ ሰው ግን አልነበረም። እንዳንተው የአገሩን ሰዎች ጠየቀ። ባለመሬቱን አስከትሎ ወደ መንደሩ ወጣና ከዋርካው ሥር የተቀመጡትን «እንደው ይህ መሬት እንዴት ነው?» አላቸው። አንዱ «መሬቱስ መሬት ነው» አለ። ሌላው «ውሃ አይነጥፍበትም» አለ። ሦስተኛው ባለመሬቱን አየት አድርጎ «ዘር ጥለህ አትቆጭም» አለ። አንድም የዋሸ የለም። በኛ አገር የሰው ገበያ መስበር ነውር ነው፤ ባለንብረቱ ቆሞ እያየህ በንብረቱ ላይ ክፉ አታወራም። ሰውየውም ይህን ያውቅ ነበር፤ ራሱ ስንት ጊዜ የጎረቤቱን ሰነፍ በሬ ለገዢ አሞግሷል። የቸገረው ሰው ግን የሚሰማው ሊሰማ የመጣውን ነው።

በጥር ዕቃውን አህያ ላይ ጭኖ፣ ሚስቱንና አምስቱን ልጆች ይዞ መጣ። ባለመሬቱ ደግ ሆኖ ጠበቀው። «ጎጆህን አፋፉ ላይ ከቀለስህ፣ ስለ ቦታው በሳምንት ሁለት ቀን ለኔ ትሠራለህ» አለው። «ታች ማሳው ዳር ከሆነ ግን ቦታው በነፃ ነው፤ የፈለግኸውን ያህል ቁረጥ፣ እንጨቱም ያንተ።»

የሻረግ ልጆቹን አስከትላ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ አንዲት አሮጊት አገኘቻት። አሮጊቷ ልጆቹን አንድ በአንድ አየቻቸውና «እንደ ምንም ብላችሁ ላይ ሥሩ፣ ልጄ» አለቻት።

«ለምን፣ እማማ?»

አሮጊቷ ዞር ስትል ባለመሬቱ ሲመጣ አየችው። «ንፋሱ ይሻላል» ብላ እንስራዋን አዝላ ሄደች።

ማታ የሻረግ ለባሏ ነገረችው። ደግሞ አንድ ያስተዋለችው ነገር ነበር። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ገበሬው ሁሉ በሬውን ይፈታና ሽቅብ ይወጣል፤ ወንዱም ሴቱም፣ ውሻውም ሳይቀር። «የሁሉም ማሳ እዚህ ነው» አለች፤ «የማንም ቤት ግን እዚህ የለም። እንዴት ነው ነገሩ?»

ሰውየው ሳቀ። «ደገኞች ነን ለማለት ነዋ! ቆለኛ እንዳይባሉ ሲያለከልኩ ዳገት ይወጣሉ። እኛ ኩራት አላመጣንም፤ የመጣነው ልጆች ይዘን ነው።» በሳምንት ሁለት ቀን ማለት ለሱ አንድ ጥማድ መሬት ማለት ነበር። ያን ለንፋስ ብሎ አይሰጥም። ጎጆውን ታች ሠራው፤ አጥብቆም ሠራው።

ያ ክረምት ጥሩ ነበር፤ እውነቱን ልንገርህ። በነሐሴ ልጆቹ የበቆሎ እሸት እስኪያቅራቸው በሉ። መስከረም ላይ ማሽላው ሲያሸት ከርከሮና ጃርት ከጫካ መውጣት ጀመሩ። ሰውየው ከማሽላው መሐል ማማ ሠርቶ፣ ወንጭፉን ይዞ ሌሊት ሌሊት እየጮኸ ያባርራቸዋል። ማሳዎቹ የተያያዙ ስለሆኑ የሱን ሲጠብቅ የሁሉንም ጠበቀ። የአፋፉ ሰዎችም ውለታ አልበሉም፤ አንዱ ጠላ፣ አንዱ ቅቤ ያመጣለታል፤ «እግዜር ይስጥህ» ይሉታል። «ጎረቤት ማለት እንዲህ ነው» ይል ነበር ለሚስቱ። ደስተኛ ነበር፤ በሕይወቱ እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሎት አያውቅም።

መስከረም ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ትንሹ ልጅ ብርድ ብርድ አለው። ጥርሱ ይንገጫገጫል፤ ገላው እሳት ነው። በአራተኛው ቀን ሞተ። ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። ሕፃን ነው፣ የሕፃን ሞት በማን ቤት የለም ብለው ራሳቸውን አጽናኑ።

በሳምንቱ እንጉዳይ ታመመች። ቀትር ላይ «አባዬ፣ እሳት አንድድልኝ» አለችው። ሰውየው እሳት አነደደ፤ በላቡ እየተጠመቀ አነደደላት። «አልሞቀኝም» አለች። ያን ጊዜ አዘላትና ዳገቱን ሽቅብ ሮጠ። ለምን ሽቅብ እንደሮጠ አላወቀውም፤ ሰው ያለው እዚያ ስለሆነ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ «ቀዘቀዘኝ» ስትለው ሰማት። ከዚያ በኋላ ምንም አላለችም። መንደሩ ሲደርስ ከጀርባው ያወረዷት ሌሎች ናቸው፤ እሱ እጆቹን ማላቀቅ አቅቶት ነበር።

የአፋፉ ሰዎች አለቀሱ። የውሸት እንዳይመስልህ፤ ደረታቸውን እየደቁ አለቀሱ። እንደ ራሳቸው ልጅ ቀበሯት፤ ንፍሮ ቀቀሉ፤ ሦስት ቀን ከሐዘንተኛው ጋር ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን ከዋርካው ሥር ካወሩለት ሰዎች አንዱ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «ከእንግዲህ ታች አትደር» አለው። «እዚያ ንዳድ አለ። አባቶቻችንም አላደሩም።»

ሰውየው ቀና አለ። «ታውቁ ነበር?»

ሁሉም ወደ ባለመሬቱ ዞሩ።

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

ባለመሬቱ ነው የመለሰው። «መች ጠየቅኸን? ስለ አፈሩ ጠየቅህ፣ ነገርንህ። የት እንደምናድር አልጠየቅኸንም።»

ያ «ታች አትደር» ያለው ሰው ግን አላስቻለውም፤ ጎረቤት ነውና ጠላ ያመጣለት ነበር። «አምና እህላችንን ከርከሮ ጨርሶት ልጆቻችን ተርበው ከረሙ» አለ። «ሌሊት የሚጠብቅ ሰው ብንፈልግ፣ በምን ገንዘብ? እዚያ ማደር የሚወድ ማን አለ?»

ሰውየው ያን ጊዜ ገባው። መሬቱ አልረከሰለትም። ዘበኛ ሆኖ ተቀጥሮ ነበር፤ ደመወዙን የከፈለውም ራሱ ነው፤ የከፈለውም ምን እንደሆነ አየህ።

ወደ ደጋው ልመለስ እንዳይል የድሮ ማሳውን ሌላ ሰው ይዞታል። ከሚስቱና ከቀሩት ሦስት ልጆች ጋር አፋፉ ላይ ጎጆ ቀለሰ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ለባለመሬቱ መሥራት ጀመረ። ታች ማማው ባዶ ሆነ። ከርከሮው ገባ። ኅዳር ላይ ማሽላውን ሲሰበስብ ከአገዳ በቀር ያገኘው ጥቂት ነበር፤ የሁሉም እንደዚያው። ጥር ሲገባ የሦስቱ ልጆች የጎን አጥንት ይቆጠር ጀመር።

እዚህ ላይ ስደርስ አፌ ይከብደኛል፤ ግን ይህን ልነግርህ ነው ያስቀመጥሁህ።

በዚያው ጥር አንድ እንግዳ ሰው መጣ። ሚስቱ ሕፃን አዝላለች። ባለመሬቱ ከጎኑ ነው። እንግዳው እጁ ላይ ጥቁር አፈር አለ፤ ፊቱ በደስታ በርቷል። ሰውየው በሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። እንግዳው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና «ጌታዬ፣ ጭሰኛ ነዎት አሉኝ፤ እርስዎ እንደኔው ስለሆኑ አይደብቁኝም። እንደው ይህ መሬት እንዴት ነው?» አለው።

ሰውየው በሴትዮዋ ጀርባ ላይ የተንጠለጠሉትን የሕፃኑን እግሮች አየ። አፉን ከፈተ። ወደ ጎጆው ውስጥ ደግሞ አየ፤ ሦስቱ ምድጃው ዳር ተቀምጠዋል።

«እህሉ ይበቅላል» አለ።

እንግዳው ትከሻውን ሳመው። ባለመሬቱ እየመራቸው ቁልቁል ወረዱ። የሻረግ በሩ ሥር ቆማ ሁሉን ሰምታለች። ባሏን አየችው፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ውስጥ ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቀና አላናገረችውም። ነገር ግን እሷም ልትነግራቸው ተከትላ አልወረደችም።

ታሪኩ ይኸው ነው፣ ልጄ።

እንግዲህ «የሰፈሩን ሰዎች ጠይቄ ጥሩ ነው አሉኝ» ብለኸኛል። እነዚያ ሰዎች እንደዚህ ሰው ናቸው። ይህ ሰው ክፉ አይደለም፤ ክፉ ቢሆንማ ባልፈራሁልህ። ክፉውን ሰው ዓይኑን አይተህ ትሸሸዋለህ። ይህ ግን ሁለት ልጅ የቀበረ፣ ሦስት የቀረው አባት ነው፤ ያንተ ልጆች ታች ካደሩለት የሱ ልጆች ይበላሉ። አከራዩ በሌለበት ተመለስና ጠይቃቸው። «ሰፈሩ እንዴት ነው?» አትበል። አከራዩ ራሱ ለምን እዚያ እንደማይኖር ጠይቅ። ከአንተ በፊት የነበረው ተከራይ ልጆቹን ይዞ የት እንደሄደ ጠይቅ።

«ክፉ ነው ቢሉኝስ ወዴት ልሂድ?» ነው የምትለኝ? ከአሁኑ ቤት ወር ሳይሞላ ልትወጣ መሆንህን አውቃለሁ። እሱን እኔም አላውቅም፣ ልጄ። ባውቅ ኖሮ ምሳሌ አልፈልግም ነበር፤ ቤቱን አሳይቼህ እመጣ ነበር። ለድሀ የሚቀረው አንዳንዴ ከሁለት ክፉ አንዱ ነው፤ ርካሹን መረጥህ ብዬ አልፈርድብህም። ብቻ ከገባህ እያወቅህ ግባ። ከገባህ በኋላ ደግሞ፣ ልጅ ያዘለች ሴት አስከትሎ አንድ ሰው ወደ ደጅህ ሲመጣ ብታይ፣ እስኪጠይቅህ አትጠብቅ።