የላላው ብሎን

አንድ አዛውንት መምህር አራት ተማሪዎቻቸውን አስከትለው ከከተማ ራቅ ብሎ ወደሚገኝ የሮኬት ማስወንጨፊያ ሜዳ መጡ። መምህር ጥላዬ ይባላሉ። ይዘዋት የመጡት የጫማ ካርቶን የምታክል የብረት ሣጥን ነበረች፤ በውስጧ ከዱቄት የላመ አቧራና አንድ ትንሽ ካሜራ አለ። ሮኬቱ ሣጥኗን ይዞ ሽቅብ ይወጣል። ሞተሩ ሲጠፋ ለስድስት ደቂቃ ያህል ውስጡ ያለው ሁሉ ክብደት ያጣል፤ ያን ጊዜ ካሜራው አቧራው ተንሳፍፎ ቅንጣት ከቅንጣት ሲጣበቅ ይቀርጻል። ከዚያ ሣጥኗ በፓራሹት ትመለሳለች። ተማሪዎቹ ሊያውቁ የፈለጉት ፕላኔቶች ከመፈጠራቸው በፊት፣ ሁሉም ነገር አቧራ ብቻ ሳለ፣ የመጀመሪያዎቹ ቅንጣቶች እንዴት እንደተያያዙ ነበር። ለእነዚያ ስድስት ደቂቃዎች ሁለት ዓመት ደክመዋል።

ከአራቱ አንዷ ትርሲት ናት። የካሜራውን ገመድ የማሰር ሥራ የእሷ ነበር።

ሮኬቱ ማክሰኞ ጠዋት ተወነጨፈ፤ ሁሉም ተቃቀፉ። ከሰዓት በኋላ ሣጥኗ ከወደቀችበት ተፈልጋ መጣችና ሲከፍቷት ካሜራው አንድም ምስል አልያዘም። ገመዱ ከመሰኪያው ወልቆ ተንጠልጥሏል። እንግዳወርቅ የሚባለው ተማሪ ሣጥኗን አቅፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

የሜዳው ኃላፊ መጥተው ገመዱን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይዟችሁ ልጆቼ፣ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ሮኬታችን ከመጠን በላይ ነዝሮ ነው። በሚቀጥለው ዙር ሣጥናችሁን ደግመን እናበርላችኋለን። የዓርቡን ሮኬት ግን ንዝረቱ እስኪጣራ ለአንድ ዓመት እናቆየዋለን» አሉ።

እነ እንግዳወርቅ እፎይ አሉ። ዓርብ ሊበር የነበረው ግን የሌላ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሣጥን ነበር። ድንኳናቸው አጠገብ ለአጠገብ ስለሆነ ትርሲት አንዷ ስትናገር ሰማቻት፦ «የዛሬ ዓመት እኮ እኛ ተመርቀን ተበትነናል!»

ትርሲት የወለቀውን ገመድ አንስታ ማሰሪያዎቹን አየች። ብሎኖቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ራሱ ላይ ካቻቢቴ የጫረው ምልክት አለው፤ ሁለተኛው ግን አዲስ እንደሆነ ያብረቀርቃል። ያን ጊዜ ትዝ አላት። ሣጥኗ በምትዘጋበት ቀን አንዱን አጥብቃ ሁለተኛውን በጣቷ ብቻ እንዳስገባች ለምሳ ተጠራች። ስትመለስ ሁለቱንም የጨረሰች መስሏት በማረጋገጫው ወረቀት ላይ ፈረመች።

ብሎኑን ያስተዋለ ሌላ ሰው አልነበረም። ዝም ብትል ሣጥናቸው እንደገና ይበራል። ብሎኑን ፈትታ በመዳፏ ጨበጠችና ወደ መምህሯ ሄደች።

«መምህር፣ ጥፋቱ የሮኬቱ አይደለም። የእኔ ነው» አለችና ብሎኑን አሳየቻቸው።

መምህር ጥላዬ ብሎኑን አገላብጠው አዩት። «ይህን ከተናገርን ሁለተኛውን በረራ እናጣለን። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል። ግን እነዚያ ልጆች እኔ ባላጠበቅሁት ብሎን ዓመት ሊጠብቁ ነው።»

ሽማግሌው ኮታቸውን አነሱ። «በይ ነይ፣ አብረን እንሂድ። ብቻሽን አትነግሪያቸውም።»

ኃላፊው ሰምተው የዓርቡን ሮኬት ፈቀዱ። ለእነ ትርሲት የተሰጠው ተስፋ ግን ተሰረዘ። እንግዳወርቅ ሲነገረው «ሁለት ዓመት እኮ ነው፣ ትርሲት!» ብሎ ፊቱን አዞረ። ሁለት ቀን ሙሉ አብሯት ማዕድ አልቀረበም።

ዓርብ ማለዳ የእነዚያ ተማሪዎች መምህርት ወይዘሮ ብርቅነሽ ወደ ድንኳናቸው መጡ።

«ትርሲት የምትባለው የትኛዋ ናት?»

ትርሲት ቁጣ እየጠበቀች ብድግ አለች።

«ሣጥናችንን ልንዘጋ ነው። ማሰሪያዎቹን ተመልክተሽ ፈርሚልን።»

«እኔ? የራሴን እንኳ በወጉ ያላሰርኩ?»

«ለዚህ እኮ ነው የመጣሁት፣ የኔ ልጅ። ሌላ ሰው የላላ ቢያገኝ ይነግረኝ እንደሆነ እንጃ። አንቺ ግን እንደምትነግሪኝ አውቃለሁ።»

ትርሲት ከሣጥኑ ፊት ተንበርክካ ብሎኖቹን አንድ በአንድ መፈተሽ ጀመረች። ጥጉ ጨለማ ሆኖ አልታይ አላት። ድንገት ከኋላዋ የእጅ ባትሪ በራላት። ዞር ስትል እንግዳወርቅ ነው።

«ንዴቴ ገና አልወጣልኝም» አለ ባትሪውን እያስተካከለ። «ግን ላብራልሽ።»

አንዱን ብሎን ሩብ ዙር ያህል አጠበቀችው፤ ሌሎቹ ደህና ነበሩ። ፈረመች። ያ ሣጥን በሮ የተፈለገውን ሁሉ ይዞ ተመለሰ። የእነ ትርሲት ሣጥን ግን ወረፋ ያዘች፤ የበረረችው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በታናናሾቻቸው እጅ ነው።

ወዳጆቼ፣ ሁላችንም አንድ ቀን አንድ ነገር ሳናጠብቅ እናልፋለን። በዚህ ብቻ የማንታመን ሰዎች አንሆንም። እምነት የሚጠፋው የላላውን እያወቅን ስንሸፍነው ነው፤ የሸፈንነውን ደግሞ ምንም ያላጠፋ ሰው ይከፍለዋል። እውነቱን የተናገረ ሰው የሚያጣው ነገር አለ፣ ትርሲትም አጥታለች። ያጣነውን ያህል ባይመለስልን እንኳ ሰው የራሱን ሣጥን አምኖ ይሰጠናል።

እናንተስ? ጥፋታችሁን ሌላ ተሸክሞላችሁ፣ የሚያውቀው የእናንተ ልብ ብቻ ቢሆን፣ ወደ ማን ትሄዱ ነበር?