ሚዳቋ ያዘዘችው ምሳ

ተረት ተረት ልበላችሁ፤ እናንተም እሺ በሉኝ።

አውሬዎች ምግብ ቤት በነበራቸው ዘመን ጠያቂዋ ሚዳቋና ሆዳሙ ዝንጀሮ ጓደኛሞች ነበሩ። አንድ ቀን ቀበሮ ከገደል አጠገብ ወደከፈተው ምግብ ቤት ምሳ ሊበሉ ገቡ። ቀበሮም አረንጓዴ ቅጠል የተሳለበት፣ የሚያብረቀርቅ እሽግ ለየራሳቸው አቀረበላቸው።

ሚዳቋ እሽጉን ገልብጣ ከጀርባው ያለውን፣ የውስጡን ነገር ከብዙው ወደ ጥቂቱ የሚዘረዝረውን ጽሑፍ አነበበች።

«ቅጠሉ የተጻፈው ከስኳሩ፣ ከጨውና ከዘይቱ በኋላ ነው። ጋሽ ቀበሮ፣ ከጓዳህ ያልተጠበሰ ቅጠል አይጠፋም፤ ጨው ሳትነሰንስበት አምጣልኝ» አለችው።

«ሥዕሉ አላማረሽም?» አላት ቀበሮ።

«ሥዕሉስ ያምራል፤ የምበላው ግን ውስጡን ነው።»

ቀበሮ እያጉረመረመ አመጣላት። ዝንጀሮ ግን የእሱንም የእሷንም እሽግ ጠራርጎ በላ። ክረምቱን ሙሉ እንዲሁ ሲያደርጉ ከረሙ።

መስከረም ሲጠባ ነብር ድንገት መጣባቸው። ሚዳቋ በአንድ ዝላይ ገደሉን ተሻገረች። ዝንጀሮ ግን ሆዱ ከብዶት ቋጥኙ ላይ መውጣት አቃተው። ሚዳቋ ይህን ስታይ ተመልሳ በነብሩ አፍንጫ ሥር ሽው ብላ አለፈች። ነብሩ ዝንጀሮን ትቶ ተከተላት፤ ተራራውን ሲዞር ሲዞር ቆይቶ ምላሱን አውጥቶ ተዘረረ።

ሚዳቋ ስትመለስ ዝንጀሮ ከቋጥኙ ሥር ጠበቃት።

«እህቴ፣ ነገም ምሳ አብረን እንበላለን?» አላት።

«እንበላለን እንጂ! ለሁለታችንም የማዝዘው ግን እኔ ነኝ።»

ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌንም በብርቱካን አብሱልኝ።